ዋልተር ሹዋርት፦ ከመውቀስ በፊት መለየትን ያስተማረ ሰው

ስለ ጥራት አስተዳደር ስንማር ደጋግመን የምንሰማቸው ስሞች አሉ። ዴሚንግ፣ ጁራን፣ ኢሺካዋ፣ ታጉቺ። ፈተና ላይ የሚመጡትም እነሱ ናቸው። ከእነሱ ቀድሞ መንገዱን የጠረገው ዋልተር ሹዋርት ግን በሌክቸር ኖታችን ላይ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ቦታ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ኮንትሮል ቻርትን የፈለሰፈ ሰው ተብሎ ይታለፋል። እውነት ነው፣ ቻርቱን የሠራው እሱ ነው። ይሁን እንጂ ቻርቱ የአንድ ትልቅ ሃሳብ ውጤት እንጂ ሃሳቡ ራሱ አይደለም።

ሃሳቡ የሚነሳው ሁላችንም ከምናውቀው ጥያቄ ነው። ሥራ ሲበላሽ ጥፋቱ የማን ነው? የሠራተኛው ነው? የማሽኑ ነው? የጥሬ ዕቃው ነው? ወይስ እንዲያው የዕለቱ ዕድል ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ በመልሱ የተነሳ ሰው ደመወዙ ይቆረጣል፣ ከሥራው ይባረራል፣ ሌላው ደግሞ ሳይገባው ይሸለማል። ሹዋርት ዕድሜውን የፈጀው ለዚህ ጥያቄ በቁጥር የተደገፈ መልስ ለማግኘት ነው ማለት ይቻላል። ይህ ጽሁፍም የሰውየውን ሕይወትና የሃሳቡን አመጣጥ ባጭሩ ለመዳሰስ ይሞክራል። አንባቢ እንዳይደናገር፣ እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ዋልተር አንድሪው ሹዋርት ማርች 18 ቀን 1891 በአሜሪካ፣ ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ ኒው ካንተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። የመጀመሪያና ሁለተኛ ዲግሪውን ያገኘው እዚያው ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1914 ኤድና ሃርት የምትባል ሴት አገባና ትምህርቱን ለመቀጠል ወደ ምዕራብ ተጓዘ። በ1917 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪውን ተቀበለ። የመመረቂያ ጥናቱ ትናንሽ ጠብታዎች በዝልግልግ ነገር ውስጥ ፍጥነታቸው እየተለወጠ ሲጓዙ የሚያሳዩትን እንቅስቃሴ የሚመለከት ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ያለብን ነገር አለ። ሹዋርት በትምህርቱ የስታትስቲክስ ሰው አልነበረም፣ የቢዝነስ አስተዳደር ሰውም አልነበረም። ፊዚሲስት ነው። በዚያ ዘመን የነበረ የፊዚክስ ተማሪ ደግሞ አንድ ነገር በደንብ ያውቃል። በጋዝ ውስጥ ያለ አንድ ሞለኪውል ወዴት እንደሚሄድ ማንም ሊናገር አይችልም፤ የብዙ ሚሊዮን ሞለኪውሎች ድምር ባህሪ ግን ሕግ አለው፣ ሊተነበይም ይችላል። በተናጠል ሲታይ ሥርዓት የሌለው የሚመስል ነገር በጅምላ ሲታይ ሥርዓት አለው ማለት ነው። ሹዋርት በኋላ ፋብሪካ ሲገባ ያየው መዋዠቅ ያላስደነገጠው ከዚህ የተነሳ ይመስላል።

ዩኒቨርሲቲውን እንደጨረሰ ለአጭር ጊዜ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ላክሮስ ከተማ በሚገኝ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የፊዚክስ ክፍልን በኃላፊነት መርቷል። በ1918 ግን ማስተማሩን ትቶ ዌስተርን ኤሌክትሪክ በተባለው ኩባንያ የምህንድስና ክፍል ተቀጠረ። ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዘመኑ በሙሉ ያለፈው በስልክ ኢንዱስትሪ ውስጥ ነው።

የስልክ ፋብሪካው ችግር

ዌስተርን ኤሌክትሪክ የቤል የስልክ ድርጅት የማምረቻ ክንድ ነበር። ትልቁ ፋብሪካው ሆውቶርን የሚባለው ሲሆን የሚገኘው ቺካጎ አጠገብ ሲሴሮ በምትባል ከተማ ነው። በ1920ዎቹ እዚያ የሚሠራው ሕዝብ 40 ሺህ ደርሶ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩት ሥራቸው ማምረት ሳይሆን የተመረተውን መፈተሽ ነው። ዕቃው ተሠርቶ ያልቃል፣ ተቆጣጣሪው ይለካዋል፣ ደህናው ያልፋል፣ ብልሹው ይጣላል ወይም እንደገና ይሠራል። ጥራት ማለት ያኔ ይኸው ነበር፤ መልቀምና ማበጠር።

ሹዋርት ራሱ በኋላ በ1939 መጽሐፉ ላይ የዚህን አሠራር ታሪክ አስቀምጦታል። መጀመሪያ ላይ ሰዎች ሁለት ዕቃ ፍጹም አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲሠራ ይፈልጉ ነበር። ይህ እንደማይሆን ሲገባቸው በ1840 አካባቢ አንድ ገደብ፣ በ1870 አካባቢ ደግሞ የላይና የታች ገደብ ማበጀት ጀመሩ። በገደቡ መካከል የወደቀ ሁሉ ደህና ነው ተባለ። ይህ ትልቅ መሻሻል ነበር፤ ነገር ግን ብልሹውን ለይቶ ያወጣል እንጂ ብልሹው ለምን እንደመጣ አይናገርም። ወጪውም ቀላል አይደለም፤ የተበላሸውን ለመሥራት አንድ ጊዜ ይከፈላል፣ ለማግኘት ሌላ ጊዜ ይከፈላል፣ ለመጣል ወይም ለማደስ ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ ይከፈላል።

የስልክ ሥራ ደግሞ ይህን ዓይነት አሠራር የሚሸከም አይደለም። አንድ የረጅም ርቀት ጥሪ በብዙ ማጉያና በብዙ መገጣጠሚያ ውስጥ ያልፋል። አንዷ ከተበላሸች መስመሩ በሙሉ ይበላሻል። ከፊሉ ዕቃ መሬት ውስጥ የሚቀበር ስለሆነ ቆፍሮ ማውጣቱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ስለዚህ ኩባንያው የሚፈልገው አንድ ዓይነት የሆነ፣ ዛሬም ነገም የማይለዋወጥ ዕቃ ነበር። መሐንዲሶቹም ይህን ለማምጣት ይደክሙ ነበር። የሚለካው ነገር ትንሽ ከፍ ሲል ዝቅ ያደርጉታል፣ ዝቅ ሲል ከፍ ያደርጉታል። ዴሚንግ በኋላ እንደተረከው፣ በዚህ መንገድ ዕቃውን አንድ ዓይነት ለማድረግ በጣሩ ቁጥር ነገሩ እየባሰ ይሄድ ነበር።

ለምን ባሰ? በስታትስቲክስ ቋንቋ መልሱ ግልጽ ነው። አንድ ማሽን ምንም ሳይነካ ቢተው ውጤቱ በአማካዩ ዙሪያ በሆነ መጠን ይዋዥቃል እንበል። አሁን አንድ ትጉህ ሠራተኛ ከእያንዳንዱ ዕቃ በኋላ ስህተቱን ለክቶ ማሽኑን በዚያው ልክ ወደ ሌላ አቅጣጫ ቢያዞረው፣ የውጤቱ ቫሪያንስ እጥፍ ይሆናል። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ደግሞ በ41 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ማለትም ሰውየው ባይነካው ይሻል ነበር። ትጋቱ ነው ያጠፋው። ዴሚንግ ይህንኑ ከብዙ ዘመን በኋላ በፈነልና በትንሽ ኳስ እያሳየ ያስተምረው ነበር።

የግንቦቱ ማስታወሻ

ሜይ 16 ቀን 1924 ሹዋርት ለአለቃው ለጆርጅ ኤድዋርድስ አንድ ማስታወሻ ላከ። ማስታወሻው አንድ ገጽ ብቻ ነበር። ከገጹም ሲሶ ያህሉን የያዘው ሥዕል ነው፤ ዛሬ ማንም የዲፓርትመንታችን ተማሪ ሲያየው የሚያውቀው የመጀመሪያው ኮንትሮል ቻርት። በዚያ ገጽ ላይ የተሣለው የብልሹ ዕቃዎችን ድርሻ የሚያሳየው፣ አሁን ፒ ቻርት የምንለው ዓይነት ነበር። ይህ ማስታወሻ በ2024 አንድ መቶ ዓመት ሞላው።

በማስታወሻው የተጀመረው ሃሳብ እንዲህ ነው። የትኛውም የአሠራር ሂደት ይዋዥቃል። እንጀራ የሚጋግር ሰው ይህን ሳይማር ያውቀዋል፤ አንድ ሊጥ፣ አንድ ምጣድ፣ አንድ እጅ ሆኖ እንኳ ሁለት እንጀራ ፍጹም አንድ ዓይነት አይወጣም። መዋዠቁ ግን ሁለት ዓይነት ምንጭ አለው። አንደኛው ብዙ ጥቃቅን ምክንያቶች ተደማምረው የሚያመጡት ነው። እያንዳንዳቸው ትንሽ ስለሆኑ አንዱን ነጥሎ ይህ ነው ማለት አይቻልም፤ ሁልጊዜም አሉ፣ የአሠራሩ አካል ናቸው። ሹዋርት እነዚህን የዕድል ምክንያቶች አላቸው። ሁለተኛው ደግሞ ከውጭ የገባ፣ ሲፈለግ የሚገኝ፣ ሲገኝም ሊወገድ የሚችል ነው። ማሽኑ ሊሰበር የደረሰ ሊሆን ይችላል፣ ጥሬ ዕቃው ከሌላ ቦታ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ሠራተኛው ሥልጠና ያላገኘ አዲስ ሰው ሊሆን ይችላል። እነዚህን ደግሞ ተለይተው የሚታወቁ ምክንያቶች አላቸው። ዴሚንግ በኋላ ስማቸውን ለውጦ የጋራ ምክንያትና ልዩ ምክንያት ብሏቸዋል፤ ዛሬ በብዛት የምንጠቀመው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ምክንያት የሌለበት ሂደት ቁጥጥር ውስጥ ነው ይባላል። መዋዠቁ አልቆመም፤ ነገር ግን የሚዋዥቅበት ወሰን ይታወቃል፣ ነገ ምን እንደሚሆን በግምት መናገር ይቻላል። ለሹዋርት ቁጥጥር ማለት መተንበይ መቻል ነው።

ቻርቱ በተግባር ሲታይ

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ ክፍል በየቀኑ 200 ዕቃ ይፈተሽለታል እንበል። ለረጅም ጊዜ ሲመዘገብ በአማካይ 5 ከመቶ፣ ማለትም በቀን 10 ዕቃ ብልሹ ሆኖ ተገኝቷል። ሰኞ 5 ብልሹ ተገኘ። አለቃው ደስ ብሎት ሠራተኞቹን አመሰገነ። ሐሙስ ደግሞ 16 ተገኘ። አለቃው ተቆጣ፣ ሠራተኞቹን ሰብስቦ ገሰጸ፣ ምናልባትም አንዱን ቀጣ። በማግስቱ ቁጥሩ ወደ 9 ወረደ። አለቃውም ቁጣው እንደሠራ እርግጠኛ ሆነ።

አሁን እንደ ሹዋርት እንሥራው። ለ200 ዕቃና ለ5 ከመቶ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 3.08 ገደማ ነው። ሦስት እጥፉ 9.2 ይሆናል። ስለዚህ የታችኛው ገደብ ከ1 በታች፣ የላይኛው ገደብ ደግሞ ከ19 በላይ ትንሽ ነው። የሰኞው 5ም ሆነ የሐሙሱ 16 በገደቡ ውስጥ ናቸው! ሰኞ የተለየ ጉብዝና አልነበረም፣ ሐሙስም የተለየ ስንፍና አልነበረም። ሁለቱም ቀን ያው አንድ ክፍል፣ ያው አንድ አሠራር ነው። አርብ ቁጥሩ የወረደውም በቁጣው አይደለም፤ ባይቆጣም ኖሮ ወደ አማካዩ መመለሱ የሚጠበቅ ነበር። በሌላ ቀን 23 ቢገኝ ግን ያኔ ነገሩ ሌላ ነው። በዚያ ቀን ምን እንደተለወጠ ቶሎ መፈለግ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ስህተት እንዳለ ልብ እንበል። አንደኛው ምንም የተለየ ነገር ሳይኖር ምክንያት ፍለጋ መሮጥ ነው። ሁለተኛው የተለየ ነገር እያለ ዝም ብሎ ማለፍ ነው። አንዱን ፈጽሞ ለማጥፋት የሞከረ ሰው በሌላው ይወድቃል። ሹዋርት ገደቡን በሦስት ሲግማ ላይ ያስቀመጠው የሁለቱን ስህተት ወጪ ለማመጣጠን ነው። ይህ ነጥብ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ ያከራክረናል። ሦስት ሲግማ የተመረጠው ዳታው ኖርማል ስለሆነና 3 ከሺህ የሚለው ፕሮባቢሊቲ ስላለ ነው የሚል ብዙ ነው። ሹዋርት ግን የተነሳው ከዚያ አይደለም። ገደቡ በተግባር ሲሞከር የሚያዋጣ ሆኖ ስለተገኘ ነው የመረጠው። የ1931 መጽሐፉ ርዕስ ላይ ኢኮኖሚያዊ የሚለው ቃል የገባውም ለዚሁ ነው።

ሳህኑና የተቆጠሩት ቁርጥራጮች

ሹዋርት ሃሳቡን በወረቀት ብቻ አልተወውም። ትልቅ ሳህን ወስዶ በውስጡ ቁጥር የተጻፈባቸው ትናንሽ ክብ ቁርጥራጮች ጨመረ። አንድ ሳህን ውስጥ ያሉት ቁጥሮች የኖርማል ስርጭት እንዲይዙ፣ በሌላው ሬክታንግል፣ በሌላው ደግሞ የሦስት ማዕዘን ቅርጽ እንዲይዙ አደረገ። ከዚያ አንዱን አውጥቶ ይመዘግባል፣ ይመልሰዋል፣ ያማስለዋል፣ እንደገና ያወጣል። እንዲህ እያለ 4000 ጊዜ አወጣና በአራት በአራት ናሙና ከፋፈላቸው። ኮምፒዩተር ባልነበረበት ዘመን የተሠራ ሲሙሌሽን ማለት ይህ ነው። ስርጭቱ ኖርማል ባይሆንም እንኳ የናሙና አማካዮቹ በአብዛኛው በሚጠበቀው ወሰን ውስጥ እንደሚወድቁ በእጁ አረጋገጠ።

ሳህኑ ሌላም ትርጉም ነበረው። ሁልጊዜ ከአንድ ሳህን የሚወጣ ቁጥር የንጹህ ዕድል ምሳሌ ነው። ፋብሪካው ግን ሳህን አይደለም። ሹዋርት በመጽሐፉ ያቀረበው አንድ ዳታ አለ፤ የአንድ ማገጃ ቁስ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ 204 ጊዜ ተለክቷል። ልኬቶቹን በተለኩበት ቅደም ተከተል በአራት በአራት ሲያቧድናቸው 51 አማካዮች ተገኙ። ከእነሱ ውስጥ በርከት ያሉት ከገደቡ ውጭ ወደቁ። መሐንዲሶቹ ምክንያቱን ፈልገው አስወገዱና ሂደቱ ረጋ። ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ያው 204 ቁጥር ተደባልቆ በአንድ ሂስቶግራም ቢቀርብ ኖሮ ይህ ሁሉ አይታይም ነበር። ጊዜ ሲጠፋ መረጃውም አብሮ ይጠፋል።

የቤል ላብራቶሪና መጽሐፎቹ

በ1925 የቤል ቴሌፎን ላብራቶሪ ሲቋቋም ሹዋርት ወደዚያው ተዛወረ፣ በ1956 ጡረታ እስኪወጣ ድረስም እዚያው ሠራ። አብረውት ከነበሩት አንዱ ናሙና ወስዶ የመቀበል ዘዴን ያዳበረው ሃሮልድ ዶጅ ነው። በ1926 የላብራቶሪው ባለሙያዎች አዲሱን ዘዴ ለማስተማር ወደ ሆውቶርን ሄዱ። ከሠለጠኑት ወጣቶች መካከል ጆሴፍ ጁራን ይገኝበታል። ኤድዋርድስ ዴሚንግም በ1925 እና በ1926 ክረምት ተማሪ ሆኖ በዚያው ፋብሪካ ሠርቷል፤ ከሹዋርት ጋር የተዋወቀው ግን ትንሽ ቆይቶ ነው። የኋለኛው ዘመን ሁለት ታላላቅ የጥራት መምህራን ከአንድ ግቢ መውጣታቸው የአጋጣሚ ነገር ብቻ አይደለም።

በ1931 ሹዋርት የምርት ጥራትን በኢኮኖሚያዊ መንገድ ስለ መቆጣጠር የሚያትተውን ዋና መጽሐፉን አሳተመ። በዓመቱ በ1932 ለንደን ዩኒቨርሲቲ ተጋብዞ ሌክቸር ሰጠ። እንግሊዞቹ ሃሳቡን ቶሎ ተቀበሉት፤ ኢገን ፒርሰን ያዘጋጀው የእንግሊዝ ስታንዳርድ ቁጥር 600 በ1935 ወጣ። እዚያ ግን ገደቡን በፕሮባቢሊቲ ማስላት ተመረጠና ከሹዋርት አካሄድ ትንሽ ተለየ። በአሜሪካ ደግሞ ከቤል ውጭ ያሉት ፋብሪካዎች በ1930ዎቹ ብዙም አልተንቀሳቀሱም።

በ1938 ዴሚንግ ሹዋርትን በእርሻ ሚኒስቴር የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤት አራት ሌክቸሮች እንዲሰጥ ጋበዘው። ሌክቸሮቹም በዴሚንግ አርታኢነት በ1939 መጽሐፍ ሆነው ወጡ። እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ሹዋርት ሌላ ትልቅ ነገር ተናገረ። መስፈርት ማውጣት፣ ማምረትና መፈተሽ ተከታትለው የሚያልቁ ሦስት ሥራዎች ሳይሆኑ በክብ የሚዞሩ ናቸው አለ። መስፈርቱ ግምት ነው፣ ማምረቱ ሙከራ ነው፣ ፍተሻው ደግሞ ግምቱን መፈተኛ ነው። ማለትም ፋብሪካውን እንደ ሳይንቲስት ላብራቶሪ አየው። ይህ ክብ በዴሚንግና በጃፓኖች እጅ ተሻሽሎ አሁን ሁላችንም የምናውቀው ማቀድ፣ መሥራት፣ ማረጋገጥ፣ ማሻሻል የሚለው ዑደት ሆነ።

ሃቁን ለመናገር ሹዋርት ለንባብ ቀላል ጸሐፊ አይደለም። ሃሳቡን ከየአቅጣጫው ሊነሳበት ከሚችል ክርክር ለመጠበቅ ሲል ዓረፍተ ነገሩን ያከብደዋል። የፍልስፍና ሰው የሆነውን የክላረንስ ኧርቪንግ ሉዊስን ሥራ በጥልቀት ያነብ ስለነበር፣ ዕውቀት ማለት ምንድን ነው፣ ልኬት ማለት ምንድን ነው የሚል ጥያቄ ያነሳል። ስሙ ከዴሚንግ ስም ያነሰው በከፊል በዚህ ሳይሆን አይቀርም። እሱ አሰበ፣ ዴሚንግ ደግሞ ለሕዝብ ተረጎመለት።

ጦርነት፣ ህንድና ጃፓን

ሃሳቡን ከቤል ግቢ ያወጣው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1941 እና በ1942 የአሜሪካ የጦርነት ስታንዳርዶች በቻርቱ ላይ ተመሥርተው ወጡ። ከ1942 ጀምሮ በስታንፎርድ በተጀመረው አጭር ኮርስ አማካይነት በሺህ የሚቆጠሩ መሐንዲሶችና ተቆጣጣሪዎች ዘዴውን ተማሩ። ከእነሱም የተሰባሰቡት በ1946 የአሜሪካን የጥራት ቁጥጥር ማህበር መሠረቱ። ማህበሩ ሹዋርትን የመጀመሪያው የክብር አባል አደረገው፣ በስሙም ሜዳልያ ሰየመ። በ1945 የአሜሪካ የስታትስቲክስ ማህበር ፕሬዚዳንት ነበር።

በ1947 እና 1948 ሹዋርት በፕራሳንታ ማሃላኖቢስ ጋባዥነት ወደ ህንድ ሄደ። አገሪቱ ነጻነቷን ገና ማግኘቷ ነበር። ሹዋርት ከፋብሪካ ባለቤቶችና ከባለሙያዎች ጋር በየከተማው እየተገናኘ አስተማረ፤ በህንድ የስታትስቲካል ጥራት ቁጥጥር እንቅስቃሴ የተጠናከረው ከዚህ ጉብኝት በኋላ ነው። ጃፓንን ያስተማረው ግን እሱ ሳይሆን ዴሚንግ ነው። በ1950 ዴሚንግ በጃፓን የሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች ህብረት ተጋብዞ ሲሄድ ይዞት የሄደው ዋና ትምህርት የሹዋርትን ቻርትና ስለ መዋዠቅ ያለውን ሃሳብ ነው። በ1951 የዴሚንግ ሽልማት ተቋቋመ። የሚቀጥለውን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን።

በአገራችንም ካይዘን ከ2009 ጀምሮ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ በተመረጡ ፋብሪካዎች ተሞክሮ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ሲቋቋም፣ ሥልጠናው ላይ የሚሣለው የማሻሻያ ዑደት ሥሩ ሲቆፈር የሚደርሰው ከ1939ኙ የሹዋርት ክብ ላይ ነው።

ቻርቱ የማይለው ነገር

ብዙዎቻችን የምንስተው አንድ ነጥብ አለ። ቁጥጥር ውስጥ መሆን ጥሩ መሆን ማለት አይደለም። ከላይ ያየነው ክፍል በየቀኑ በአማካይ 10 ብልሹ ዕቃ ያወጣል፤ ሂደቱ የረጋ ነው፣ ደንበኛው ግን በ5 ከመቶ ብልሽት አይደሰት ይሆናል። ታዲያ ማን ያሻሽለው? ሠራተኛው አይችልም። ማሽኑን የገዛው እሱ አይደለም፣ ጥሬ ዕቃውን የመረጠው እሱ አይደለም፣ ሥልጠናውን የወሰነውም እሱ አይደለም። ልዩ ምክንያት የሌለበትን ሂደት ማሻሻል አሠራሩን በሙሉ መለወጥ ነው፣ አሠራሩን መለወጥ የሚችለው ደግሞ አስተዳደሩ ነው።

የጥራት ጉዳይ ከተቆጣጣሪው ጠረጴዛ ተነስቶ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ የገባው በዚህች በር ነው። ዴሚንግ በ1986 መጽሐፉ ላይ በራሱ ልምድ ገምቶ ከችግሮች 94 ከመቶው የአሠራሩ፣ ማለትም የአስተዳደሩ ኃላፊነት ነው ብሎ አስቀምጧል። ቁጥሩ ግምት ነው፤ አስተሳሰቡ ግን የሹዋርትን ክፍፍል እስከ መጨረሻው ተከትሎ የሄደ ነው። በ1986 በሞቶሮላ ኩባንያ የተጀመረው ሲክስ ሲግማም ቋንቋውን የወሰደው ከዚሁ ቤት ነው።

ማጠቃለያ

ሹዋርት ከጡረታ በኋላም ከሥራ አልራቀም፤ ከ1943 ጀምሮ የዋይሊ አሳታሚ ድርጅትን የማቲማቲካል ስታትስቲክስ ተከታታይ መጻሕፍት ከሃያ ዓመት በላይ በአርታኢነት መርቷል። ማርች 11 ቀን 1967 በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ትሮይ ሂልስ በተባለ ቦታ፣ 76 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው አረፈ። በ1980 የ1931 መጽሐፉ እንደገና ታትሟል።

እኛ ነገ ፋብሪካ፣ ባንክ፣ ሆስፒታል ወይም መሥሪያ ቤት ገብተን በየሳምንቱ ሪፖርት የሚቀርብልን ሰዎች እንሆናለን። ቁጥሩ አንድ ጊዜ ይወጣል፣ አንድ ጊዜ ይወርዳል። በወረደ ቁጥር አንድ ሰው መጥራትና መገሰጽ ቀላል ነው፣ ሥራ የሠራንም ያስመስለናል። ሹዋርት የሚጠይቀን ከዚያ በፊት ሁለት መስመር እንድናሰምር ነው። ነጥቡ ከመስመሩ ውጭ ከሆነ ተነስተን ምክንያቱን እንፈልግ። ውስጥ ከሆነ ደግሞ የተጠራውን ሰው ወደ ሥራው እንመልሰውና የራሳችንን አሠራር እንመርምር። ለዚህ የሚያስፈልገው ስሌት ከሁለተኛ ዓመት የስታትስቲክስ ኮርስ አያልፍም፤ የሚከብደው መስመሩ በእኛ ላይ ሲፈርድ መቀበሉ ነው።